ክረምት ሲገባ ሰው እንቁጠር



የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ አስቀድሞ ያወጣል። የትኛው ወንዝ በየትኛው ሌሊት እንደሚሞላ ግን አይነግረንም። ሸዋ ቤንች ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ከላይ የዘነበው ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

ኃይለኛ ዝናብ ናዳም ያስከትላል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ በናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፤ አፈሩ ዳግም ተናደባቸው።

እኛም ለወገን ቀድመን የምንሮጥ ነን። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንያዝ፦ መጀመሪያ ከወንዝ ዳርና ከተዳፋት ሥር እንውጣ። ቀጥሎ ከቁጠባ መዝገባችን ስም እየጠራን ማን እንደጎደለ እንወቅ። ከዚያ ለቀበሌ እናሳውቅ፤ ቦታው ደህና መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም ወደ ናዳው አይመለስ።

የመረዳጃ ገንዘባችን በክረምት ለብድር ሳይወጣ ይቆይ። መዝገቡና የቁጠባ ደብተሮቹ በላስቲክ ተጠቅልለው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ።

በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቡድን የሚሸሽበትን ቦታ ወስኖ ይምጣ።