የክረምት መንገድ ጊዜ ይጠይቃል

(በሰኔ ወር የአባላት ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያቀረበችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ክረምት መንገድ እንድናገር የጋበዙኝ ከመካከላችን መሪ የምጨብጠው እኔ ስለሆንኩ ነው። ከማኅበራችን ተበድሬ ባጃጅ ከገዛሁ ይህ አራተኛው ክረምቴ ነው። ብዙዎቻችሁ ግን ተሳፋሪዎች ናችሁ። ገበያ የምትሄዱት በሚኒባስ ነው፤ ዕቃችሁን የምትልኩት አይሱዙ ተከራይታችሁ ነው። ስለዚህ «ይህ የሾፌሮች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ጆሮአችሁን እንዳትነፍጉኝ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። በክረምት መንገድ ላይ ፍጥነቱን ከሾፌሩ ጋር አብሮ የሚወስነው የሚከፍለውና የሚያስቸኩለው ሰው ነው። የምንከፍለውም የምናስቸኩለውም እኛ ነን።

መጀመሪያ መንገዳችንን እንየው። ቡሬ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አስፋልት በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አልፎ ይደርሰናል፤ ከዚያም በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል። ሌላው መንገድ ከቡሬ ተገንጥሎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። ከየቀበሌው የሚመጣው የፒስታና የጭቃ መንገድም እዚሁ አስፋልት ላይ ይገጥማል። በበጋ የምናውቀው መንገድ ክረምት ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል።

አንደኛ፣ አስፋልቱ ከሁሉ ይልቅ የሚያንሸራትተው ብዙ ሲዘንብ ይመስለናል። ነገር ግን አደገኛው ካፊያ ነው፤ ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ። ከመኪና የተንጠባጠበው ዘይትና የተከማቸው አቧራ ከውሃው ጋር ተላቁጦ እንደ ሳሙና ይሆናል። ዶፉ ሲበረታ ያን ቅባት ያጥበዋል። ስለዚህ «ገና ካፊያ ነው፤ ዶፉ ሳይመጣ እንድረስ» ብሎ መቸኮል ልክ በሚያንሸራትትበት ሰዓት መሮጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀዩ አፈራችን አለ። በገበያ ቀን ጋሪውም፣ ከብቱም፣ ትራክተሩም ጭቃውን በእግሩ ይዞ አስፋልት ላይ ይወጣል። የገጠሩ መንገድ ከአስፋልቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ ቀይ ሆኖ ካያችሁት፣ እዚያ ላይ ፍሬን መያዝ አይቻልም ማለት ነው። ፍጥነት መቀነስ የሚያስፈልገው ጭቃው ጋ ሳይደረስ ነው።

ሦስተኛ ጉም ነው። ወደ እንጅባራ ስንወጣ፣ በዓባይ በረሃም አፋፉ ላይ ጉም ይተኛል። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ማብራት አይረዳም፤ ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተመልሶ የሾፌሩን ዓይን ይጋርደዋል። የሚሻለው አጭሩን መብራት አብርቶ በዝግታ መሄድ ነው።

አራተኛ በረዶ ነው። የእኛ በረዶ ከሰማይ ጠጠር ሆኖ ይወርዳል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ማሳውንም አስፋልቱንም ነጭ ያለብሰዋል። ከጎማ ሥር እንደ ሽምብራ ይንከባለላል። ደግነቱ ብዙም አይቆይም፤ ፀሐይ ስትወጣ ወይም ዝናብ ሲከተለው ይቀልጣል። በረዶ ሲጥል መድኃኒቱ ከመንገድ ወጣ ብሎ፣ መብራት አብርቶ መጠበቅ ነው። ዛፍ ሥር፣ ገደል ሥርና ጎርፍ የሚወርድበት ቦታ ላይ ግን አይቆምም።

አሁን ትንሽ ቁጥር ልንገራችሁ፤ ቁጠባ የምንቆጥር ሴቶች ነንና ቁጥር አያስፈራንም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ልጅ ወይም ጥጃ መንገድ ሲገባ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያ አንድ ሰከንድ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ጎማው ደህና ከሆነ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 20 ሜትር ያህል ይበቃዋል። አስፋልቱ ከረጠበ ወደ 35 ሜትር ይሆናል። በረዶ በጋገረው መንገድ ላይ ከ100 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ይህ የኳስ ሜዳ ርዝመት ነው። ያው መኪና ፍጥነቱን ወደ 30 ቢያወርድ ግን በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬኑ በ9 ሜትር ገደማ ያቆመዋል። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ፍሬኑ የሚፈልገው ርቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ ቀስ ማለት የሚያስከፍለን ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚመልስልን ግን ነፍስ ነው።

ይህ በተለይ የሚታየው በዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቁልቁለትና ዳገት ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። ከታች በ2000 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ አለ። እዚያ ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ማርሹን ቀንሶ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት እያደረገ መውረድ አለበት። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ከለቀቀው ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረግጡት አይታዘዝም። ተሳፋሪ ይህን በአፍንጫዋ ታውቃለች። ቁልቁለት ላይ የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ ዝም አትበሉ። «ልጄ፣ ፍሬኑ ሸተተኝ፤ እስቲ ሜዳ ቦታ ስታገኝ ቁምልን» በሉት። ሲቆም ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ፤ ፍሬኑ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ የጋለውን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ሲሻገርም እንዲሁ ነው። የሚወርድ ጎርፍ ቁርጭምጭሚት አለፍ ካለ ሰው ይጥላል፤ ከጉልበት በታች ሆኖ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅማ ቅርጫት ማለት ነው። ውሃው ደፍርሶ ሥሩ ካልታየ ደግሞ መንገዱ ይኑር፣ ተቆርጦ ይሂድ አይታወቅም። ጎርፍ ይጎድላል፤ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቆይቶ መሻገር ይቻላል።

በእግር የምንሄደውም ድርሻ አለን። ጎህ ሲቀድ በጉም ውስጥ ጥቁር ፎጣ ደርባ የምትሄድ ሴት ለሾፌር አትታይም። ገሳ ያጠለቀ እረኛ ከብርድና ከዝናብ ይድናል፤ ግን ጎንና ጎኑን አያይም፤ ድምፅም በደንብ አይሰማም። ጃንጥላም ወደ ፊት ሲደፋ እንዲሁ ይጋርዳል። በግራ ጠርዝ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ። ነጠላችሁ ወይም ነጭ ማዳበሪያ ከላይ ይታይ። ለልጆቻችሁም ይህን ንገሩ።

ከጭነት ላይ መሳፈርን ግን በልመና የምነግራችሁ ነው። እህል ከተጫነበት አይሱዙ አናት ላይ፣ ሸራ ተከናንበን፣ ሕፃን አዝለን የምንሄድ አለን። ጭነቱ በዝናብ ሲርስ ይከብዳል፤ ገመዱ ይላላል፤ መታጠፊያ ላይ ጆንያውም ሰውም አብሮ ይንሸራተታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው። ለመሳፈሪያ የምናተርፋት ብር ለዚህ አትበቃም።

እስቲ ደግሞ በረዶ ወራት ሙሉ ወደሚተኛበት አገር እንሂድ። ከእኛ ልጆች በሚኒሶታ፣ በዴንቨር፣ በቶሮንቶ የሚኖሩ አሉ፤ ከደጋፊዎቻችንም ይህን ጽሑፍ እዚያ ሆነው የሚያነቡት ይኖራሉ። እዚያ ከሰማይ የሚወርደው እንደ ጥጥ ነው፤ ሲረገጥና ሲቀዘቅዝ ግን ብርጭቆ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው አስፋልቱን መስሎ የሚተኛው፣ ዓይን የማይለየው በረዶ ነው፤ ድልድይ ከላይም ከታችም ንፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይጋገራል። ለዚህ ያዘጋጁት ብዙ ነው። መንገድ የሚጠርግ መኪና አለ፤ በረዶው እንዲቀልጥ ጨው ይበተናል። በካናዳ የኩቤክ ሕግ ደግሞ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ድረስ የክረምት ጎማ ያልገጠመ መኪና እንዳይነዳ ያዛል።

እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ እኛ ጋ የሉም። እዚያ የሚደረግ ሌላ ነገር ግን አለ፤ እሱ ገንዘብ አይፈልግም። በረዶ ሲበዛ ትምህርት ቤቱ ወይ ይዘጋል፣ ወይ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል። ተማሪው ስላረፈደ አይቀጣም፤ የቀኑ ሰዓት ራሱ ተገፍቷልና። ሾፌሩም ተረጋግቶ ይነዳል። ለመንገዱ ጊዜ ተሰጥቶታል ማለት ነው። እኛስ ለመንገዳችን ጊዜ ሰጥተነዋል ወይ? ይህን ስጠይቅ ወደ ራሳችን ማኅበር እመለሳለሁ።

በወር ስብሰባችን ያረፈደ መቀጮ ይከፍላል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ማኅበራችን በሰዓቱ እንዲቆም አድርጎታል። ነገር ግን በክረምት ከሩቅ ቀበሌ የምትመጣ እናት ሚኒባሱ ውስጥ ሆና ሰዓቷን ታያለች። መቀጮዋ ከዕንቁላል ገንዘቧ ይወጣልና «ንዳው እንጂ ልጄ፣ ረፈደብኝ» ትላለች። ሾፌሩ ይነዳል። ዕቃ ስናስጭንም የምንከፍለው በምልልስ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የተመላለሰ ሾፌር እጥፍ ያገኛል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጉዞ በምሽት፣ በዝናብ፣ ደክሞት ይነዳዋል። ፍልሰታ ተፈቶ የቅቤና የዶሮ ገበያ ወደ አዲስ ዓመት ሲሞቅ ደግሞ ችኮላው ይብሳል፤ ያን ጊዜ ዝናቡ ገና አላባራም። እንግዲህ ሾፌሩን የምናስሮጠው በገዛ ደንባችንና በገዛ ብራችን ነው። እኛ ያወጣነውን እኛው ማስተካከል እንችላለን።

ስለዚህ ለጉባኤው አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስቀል ድረስ ከገጠር ቀበሌ ለሚመጡ አባላት የማርፈጃ መቀጮ ይነሳ፤ የስብሰባውም መጀመሪያ አንድ ሰዓት ይገፋ።

ሁለተኛ፣ የጭነት መኪና ስንከራይ ክፍያው በቀን ይሁን። መኪናው ሲነጋ ይነሳ፤ ሳይመሽ ይደር። ከመነሳቱ በፊት ዕቃ አስጫኞቹ ጎማውን ይዩ፤ ጥርሱ ካለቀና ከለሰለሰ ሌላ መኪና ይፈለግ። የዝናብ መጥረጊያውና መብራቱ መሥራታቸውም ይታይ።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ በሚከራየው ጭነት ላይ ሰው አይሳፈር። ዕቃዋን ተከትላ የምትሄድ አባል የሚኒባስ መሳፈሪያዋ ከጋራ ሣጥኑ ይከፈል።

አራተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። ለጉብኝት ስትመጡ ልናያችሁ እንጓጓለን፤ ከየቀበሌውም ተጠራርተን እንሰበሰባለን። ጉዟችሁን ከመስቀል በኋላ ብታደርጉልን እናንተም በሰላም ትደርሳላችሁ፤ እናቶቻችንም በጭቃና በጉም አይሯሯጡም። ልትለግሱን የምታስቡት ካለ ደግሞ በመኪና መብራት የሚያንጸባርቅ ሰደርያ በጠዋት ለሚነሱ አባላትና ለእረኛ ልጆቻችን ትልቅ ስጦታ ነው።

ወጪውን አስቡት የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ልክ ናችሁ። የቀን ኪራይ ከምልልስ ሊበልጥ ይችላል። የመቀጮው ገቢም በእነዚህ ወራት ይቀንሳል። ሒሳብ ያዥዋ አስልታ ታቅርብልን። በዚያው ሒሳብ ላይ ግን አንዲት አባል ብትጎዳ ማኅበሩ ለሕክምና፣ ለልጆቿና ላልተከፈለው ብድሯ የሚያወጣውም ይጻፍ። ከዚያ ሁለቱን እናስተያያቸው።

እኔ በበኩሌ በባጃጄ ስትሳፈሩ «ንጂው» ብትሉኝም በክረምት አልነዳውም። ሦስት እግር ብቻ ያለው ነገር መታጠፊያ ላይ በፍጥነት ከገባ ይገለበጣል። አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ኤሊ» እያላችሁ እንደምትስቁብኝ ሰምቻለሁ፤ ሳቁ። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ የፈሰሰ ጤፍ ይለቀማል፤ መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ግን እንደዚያ አይለቀምም።

ሐሳቦቹ በእጃችሁ ናቸው፤ ተወያዩባቸውና ድምፅ ስጡባቸው። ክረምቱን የጥጋብ፣ መንገዱን የሰላም ያድርግልን።