ንግግር፤ ክርክርና ዜማ በአንድ ጣራ ሥር
(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በባህል ክፍሉ ስም የተሰጠ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው አንድ ጥያቄ ይዘን ነው። ይኸውም የባህል ማዕከላችን የምሽት ዝግጅት በሚመጣው የትምህርት ዘመን ምን መልክ ይኑረው የሚል ነው። እንደምታውቁት ዝግጅቱ እስከ አሁን ሦስት ክፍል ነበረው፤ በመጀመሪያ አንድ አዋቂ ይናገራል፤ ቀጥሎ ጥያቄና ክርክር ይደረጋል፤ በመጨረሻም ሙዚቃ ይሰማል። አሁን ግን ከመካከላችን አንዳንዶች፤ ክርክሩ ይቅር፤ ንግግሩም ይቅር፤ ሰው የሚመጣው ለሙዚቃው ነውና ሙዚቃው ብቻ ይበቃናል የሚል አሳብ አቅርበዋል። ማስረጃቸውም በንግግሩ ሰዓት የአዳራሹ ወንበር እኩሌታው ባዶ መሆኑ፤ ክራር መቃኘት ሲጀምር ግን መቆሚያ እስኪጠፋ ድረስ ሰው መጉረፉ ነው።

ማስረጃው እውነት ነው፤ አንክደውም። ከማስረጃው የተወሰደው ፍርድ ግን ትክክል አይመስለንም። ስለዚህ እጃችሁን ለድምፅ ከማንሣታችሁ በፊት ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፤ ንግግርን፤ ክርክርንና ዜማን በአንድ ጉባኤ ማገናኘት ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ነው የሚለውን አስተያየት እንመልከት። አዳራሹ፤ መድረኩና የድምፅ ማጉያው አዲስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገሩ ግን የቆየ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ወደ መምህሩ ይቀርባል፤ መምህሩም ያርማል፤ ጓደኞቹ ሰሙንና ወርቁን ይመረምራሉ። ቅኔው ከሠመረ «ይበል!» ይባላል፤ ካልሠመረም ተማሪው እንደ ገና ይቈጥራል። በዚያ ጉባኤ ዝም ብሎ አድምጦ የሚሄድ የለም። በቀድሞው የፍርድ አደባባይም «ተጠየቅ» በሚባለው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በምሳሌና በግጥም ሲፋለሙ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማ፤ ነገር አዋቂውንም ያደንቅ ነበር። አዝማሪውም ቢሆን ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን አይዘፍንም፤ ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። እንግዲህ ሰሚው ተናጋሪም የሚሆንበት ጉባኤ የእኛው ነው። እንግዳ የሚሆንብን ይልቅ ታዳሚው እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ፤ አጨብጭቦ ብቻ የሚወጣበት ዝግጅት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃችን ከዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተወሰደ ነው። በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዘመን በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር። በ1953 ዓ.ም ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ባነበበ ጊዜ ሰሚው የሰማው የቃል ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ በአገሩ ላይ የቀረበ ጥያቄ ነበር። በኅዳር 1962 ዓ.ም ደግሞ ዋለልኝ መኰንን በስድስት ኪሎ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበው ጽሑፍ ከአምስት ዐሥርት ዓመታት በኋላም ዛሬ አንዱ ሲደግፈው ሌላው ሲነቅፈው ይገኛል። እኛ እዚህ ማን ልክ ነበረ ብለን ለመፍረድ አልቆምንም። ለማለት የፈለግነው ይህን ያህል ነው፤ በጥቂት ገጽ ተጽፎ በተማሪዎች ፊት የተነበበ ነገር፤ ሰሚ ስላገኘና ስለ ተከራከሩበት፤ ካነበቡት ሰዎች ዕድሜ በላይ ኖረ።

ሦስተኛው ማስረጃ የሙዚቃው ራሱ ነው። «ሙዚቃው ብቻ ይበቃናል» ለሚሉት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ይህን በተለይ እንዲያስቡት እንፈልጋለን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበብ ማዕከል ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን የባህል መሣሪያዎች ጓድ መሠረተ። ሐሊም ኤል ዳብ በካይሮ በ1944 በሽቦ መቅጃ የተቀዳ ድምፅን እየለዋወጠ ሙዚቃ በመሥራቱ በዓለም የታወቀ ሰው ነው። ከእርሱ በኋላ ጆን ኮ፤ ከዚያም ከ1966 እስከ 1975 ተስፋዬ ለማ ጓዱን መርተዋል፤ በ1969ም ጓዱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በልዩ ልዩ ከተሞች ተጫውቷል።

አሁን የሥራውን ክብደት አስቡት። ክራር፤ ማሲንቆ፤ ዋሽንት፤ እምቢልታ፤ መለከት፤ በገናና ከበሮ እያንዳንዱ የራሱ ቦታና የራሱ ሰዓት ያለው መሣሪያ ነው። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ አንድ የጭራ አውታር ብቻ አለው፤ የሚቃኘውም በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ዋሽንት የእረኛ ነው። መለከትና እምቢልታ የአደባባይና የክብር ናቸው። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ የጸሎትና የጾም ወራት መሣሪያ ነው፤ የሚደረደረውም በጸጥታ፤ ለራስና ለፈጣሪ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ መድረክ ሰብስቦ በአንድ ቅኝት ማስማማት ማለት፤ እያንዳንዱ ከለመደው ቤቱ ወጥቶ ከማያውቀው ጎረቤት ጋር እንዲኖር ማድረግ ነው።

ስለዚህ ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ ያለው ጓድ የአባቶችን ዜማ አዳነ ወይስ ለወጠው? በገና ወደ መድረክ ሲወጣ ከበረ ወይስ ጸሎቱን ተወ? ትዝታ፤ ባቲ፤ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለመሣሪያዎቹ ስምምነት ሲባል በአንድ ልክ ከተቃኙ፤ የእያንዳንዱ ባለሙያ የጣት ለዛ ወዴት ይሄዳል? በሌላው ወገን ደግሞ፤ ይህ ባይደረግ ኖሮ የከተማው ልጅ እምቢልታ የሚባለውን መሣሪያ በየት ያየው ነበር? ከእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን በገና በቅርብ ሲደረደር የሰማን?

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ መጀመሪያ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የሚከራከር ሰው ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ዜማው ሲሰማ ጆሮ ሌላ ጆሮ ይሆናል። እምቢልታን ለምሳሌ እንውሰድ። እያንዳንዱ እምቢልታ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ሲነፉ ግን ሙሉ ዜማ ይወጣል። ይህን ያልተነገረው ሰው ጩኸት ሰምቶ ይሄዳል፤ የተነገረው ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት በጆሮው ይሰማል። ንግግሩና ክርክሩ ከተቆረጡ ሙዚቃው ይቀራል፤ ነገር ግን ለእንግዳ ማሳያ ብቻ የሚሆን ጌጥ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ቅሬታው እንመለስ። ሰው በንግግሩ ሰዓት የማይመጣው ዕውቀት ስለሚጠላ ነው ብለን አናምንም። ጓደኞቻችንን ጠይቀን የሰማነው ምክንያት አራት ነው። አንደኛ፤ ተናጋሪው የጻፈውን ወረቀት ከአንድ ሰዓት በላይ ያነባል። ሁለተኛ፤ «ጥያቄ አለኝ» ብሎ የሚነሣው ሰው ጥያቄ ሳይሆን ሌላ ንግግር ያደርጋል። ሦስተኛ፤ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ናቸው፤ እህቶቻችንና አዲስ ገቢዎቹ ዝም ብለው ይወጣሉ። አራተኛ፤ ዝግጅቱ የሚጀመረው በእራት ሰዓት ስለ ሆነ ሰው ከሆዱና ከጆሮው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

እነዚህ አራቱም የአሠራር ጉድለቶች ናቸው፤ ስለ ክርክር ዋጋ የሚናገሩት አንዳች የለም። ጣራው ቢያፈስ ጣራውን ይጠግኑታል እንጂ ቤቱን አያፈርሱም። ስለዚህ የባህል ክፍላችን የሚከተለውን አሳብ ያቀርባል።

ንግግሩ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፤ ለጥያቄም ያንኑ ያህል ጊዜ ይመደብ። ጠያቂ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይሰጠው፤ ሰብሳቢውም ወዳጁንም ሆነ መምህሩን ሳያፍር ሰዓት ይቁጠር። ቁሞ መናገር የሚከብደው ሰው ጥያቄውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይስጥ፤ ስሙን መጻፍም አይገደድ፤ እነዚህም ጥያቄዎች አስቀድመው ይነበቡ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላልና የሚያፍረውን ሰው መርዳት የእኛ ግዴታ ነው። ዝግጅቱ ከእራት በኋላ ይጀመር። ሙዚቀኞቹም ከመጫወታቸው በፊት መሣሪያቸውን እያሳዩ እንዴት እንደሚቃኙት በራሳቸው አንደበት ያስረዱ፤ እነርሱም ተናጋሪዎች ናቸውና ይጠየቁ። ለድካማቸውም የሚገባቸው ዋጋ ይከፈላቸው፤ «ለተማሪ ነው» እየተባለ ባለሙያ በነጻ የሚጫወትበት ልማድ ይቅር። በመጨረሻም የእያንዳንዱ ምሽት ንግግርና ዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች በዚህ ጋዜጣ ይታተሙ፤ ያልመጣው እንዲያነብ፤ የመጣውም እንዳይረሳ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ በተበተንን ጊዜ ለመናገርና ለመጠየቅ የምንሰበሰብበት አዳራሽ በቀላሉ አናገኝም። ሙዚቃ በየቤቱና በየኪሱ ይገኛል፤ ማንም ቁልፍ ተጭኖ ይሰማዋል። ከማይስማማን ሰው ጎን ተቀምጠን፤ ቃሉን እስከ መጨረሻ ሰምተን፤ መልሰንለት፤ ከዚያም አብረን አንድ ዜማ የምንሰማበት ምሽት ግን በቁልፍ አይገኝም። ያን ምሽት ከተውነው የሚመልስልን የለም።

መምህራኖቻችንንም እናንተ ስትመጡ ተማሪው ይመጣልና ከፊት ወንበር ላይ እንድናያችሁ እንጠይቃለን። ስታስተምሩን እንደምትጠይቁን ሁሉ እኛም በዚያ አዳራሽ እንድንጠይቃችሁ ፍቀዱልን።

አሁን ድምፅ ይሰጥ። ክርክሩ ይቅር የምትሉም ምክንያታችሁን ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ ሁለት ደቂቃ አላችሁ፤ እኛም እንሰማችኋለን።