ወንዝ የማያሻግር ምክንያት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ተሻገረ» ይባላል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህን የምንለው እናንተን ለማስደሰት አይደለም። ያፈርንበት ነገር ስላለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘማቾች ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ወደዚህ፣ ከየካ በላይ ወዳለው የእንጦጦ ተራራ ስንመጣ ሐምሌ ገብቶ ነበር። ትምህርቱን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ እንጀምር ነበር። አንዲት እናት ሦስት ቀን በተከታታይ ቀሩ። በአራተኛው ቀን ሲመጡ ከእኛ አንዱ በሰው ፊት «እማማ፣ ዛሬም ወንዝ የማያሻግር ምክንያት እንዳያመጡብን» አላቸው። እሳቸው የቀሚሳቸውን ጫፍ እየጨመቁ «ልጄ፣ ምክንያቴማ ራሱ ወንዙ ነው፤ አላሻግር አለኝ» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ ግን መሳቅ አልቻልንም። ቤታቸው ከቀበና ወንዝ ማዶ መሆኑን እንኳ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

«ወንዝ የማያሻግር ምክንያት» ማለት ደካማ፣ ሩቅ የማያደርስ ምክንያት ማለት ነው። አባባሉን ከተማ ውስጥ ስንሰማው ነው ያደግነው፤ ወንዙን ሳናይ። ስለዚህ በነጋታው እኚህን እናት ተከትለን መሻገሪያውን ለማየት ወረድን።

ቀበና የሚነሣው ከእንጦጦ ነው። በበጋ ሕፃን ልጅ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ያልፈዋል። በክረምት ግን ላይኛው ተራራ ላይ ሲዘንብ፣ እታች ፀሐይ ወጥቶ እያለ ውኃው ድንገት ሊመጣ ይችላል። ከእኛ አንዱ ወንዙ የጠበበበትን ቦታ መርጦ «እዚህ ጋ ይቀላል፣ ሁለት እርምጃ ነው» ብሎ ገባ። አንድ ጫማውን ውኃ ወሰደው። ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ባይዝ ኖሮ እሱም ጫማውን ይከተል ነበር። እኚህ እናት ቆጣ ብለው «ጠባቡ እኮ ጥልቁ ነው! የሚያሻግረው ሰፊው ነው» አሉት። እውነት ነው። ያው አንድ ውኃ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ይሳሳል፣ ይረጋጋል፤ ሲጠብበት ይጠልቃል፣ ይፈጥናል። ይህን እኛ ከመጽሐፍ ተምረን ነበር፤ በእግራችን ግን አልተማርነውም።

ሌላም ሌላም አሳዩን። ውኃው ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ አይገባበትም። ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ከዳሩም መራቅ ነው። የሚገባ ሰው ምርኩዙን ውኃው በሚመጣበት በኩል ይተክላል። እንጨት የተሸከመች ሴት ማሰሪያውን አላልታ ትገባለች፤ ብትወድቅ ሸክሙን ጥላ እንድትነሣ። ጉልበት የማይደርስ ውኃ እንኳ ከፈጠነ ሰው ይጥላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋው ብቻ የሚታይ ደረቅ ወንዝ ነው። ጎርፉ የወረደው ከላይ፣ ከደጋው ነው። እንግዲህ «ወንዙ አላሻገረኝም» ያለ ሰው ትንሽ ምክንያት አላቀረበም።

ወደ ቃሉ እንመለስ። ተሻገረ ማለት ውኃውን እየረገጠ ወደ ማዶ አለፈ ማለት ነው። ድልድይ ሲሠራ እግር መርጠቡ ቀረ፤ ቃሉ ግን አልቀረም። መገናኛ ላይ አስፋልት የሚያቋርጠውም ሰው «መንገድ ተሻገረ» ይባላል። እዚያ ውኃ የለም፤ ጎርፉ መኪናው ነው። ጎተራችሁን አይታችሁ «ይህ እህል ክረምቱን አያሻግረንም» ስትሉስ? ክረምቱን ራሱን ወንዝ አደረጋችሁት ማለት ነው። በዘመን መለወጫም «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» እንባባላለን። ሰላምታው ከወንዝ መጣ ብለን ባንምልም፣ የምንለዋወጠው ወንዙ ጎድሎ፣ በክረምት ማዶ ለማዶ ተለያይቶ የከረመ ዘመድ መጠያየቅ ሲጀምር ነው።

ጋዜጣ ስታነቡ ደግሞ ቃሉ ልብሱን ቀይሮ ይጠብቃችኋል። «ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ» የሚል ብታገኙ፣ እንደ ዓባይ ከእኛ ተነሥቶ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የሚሄድ ወንዝ ነው። እዚህ ላይ የሚሻገረው ሰው ሳይሆን ወንዙ ራሱ ነው! ከ1983 እስከ 1987 ዓ.ም. አገራችንን ያስተዳደረው መንግሥት «የሽግግር መንግሥት» ይባል ነበር። ሽግግርም የተሻገረ ልጅ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን መሻገርን «ጬኡ» ይላሉ፤ የሽግግር መንግሥትንም ከዚያው ቃል አውጥተው «ሞቱማ ጬኡምሳ» ይሉታል። ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ወንዝ ዳር የቆሙ ይመስላል። ታዲያ ሽግግር የሚል ቃል ስታነቡ «ከየት ወደ የት?» ብላችሁ ጠይቁ። ወንዝ ሁለት ዳር አለው። አንዱን ዳር ብቻ የሚነግራችሁ ጽሑፍ ገና አልጨረሰም።

ሰዋስው የሚያስተምሩ ሰዎችም ከዚሁ መሻገሪያ ቃል ወስደዋል። «ገበሬው በሬውን ሸጠ» ስንል፣ ሥራው ከገበሬው ተነሥቶ በሬው ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ሸጠ «ተሻጋሪ ግሥ» ነው። «ልጁ ተኛ» ስንል ግን ሥራው ከልጁ አልፎ የሚያርፍበት የለም። እንዲህ ያለው የማይሻገር ግሥ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ።

አሁን ስለ ራሳችን ጣቢያ። ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ መሆኑን እናንተው ነግራችሁናል። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ትምህርት የሚጀመረው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። መሻገሪያው ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ እንጋድም የሚሉ አሉ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ጎርፉም ይወስደዋል የሚሉም አሉ። እሑድ ተሰብስበን እንመክርበታለን። እስከዚያው ግን ወንዙ ደፍርሶ ካያችሁት እንዳትገቡበት፤ ከቤታችሁ ዋሉ። መዝገቡ ላይ ቀሪ ብለን አንጽፋችሁም።