የክንድን ምልክት በየሰው ልክ ማንበብ

ስትሮክ በቀጥታ የሚጎዳው አንጎልን ነው፤ የክንድ ጡንቻ ግን በቦታው አለ። ስለዚህ ጣቶቻቸው የማይታዘዟቸው ሕመምተኛ እጃቸውን ለመክፈት ሲሞክሩ በክንዳቸው ቆዳ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ሊገኝ ይችላል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከቮልት አንድ ሺህኛ ያንሳል፤ ጠቃሚው ክፍሉም በአብዛኛው ከ20 እስከ 500 ኸርዝ ባለው ድግግሞሽ ውስጥ ነው።

ለጤነኛ ክንድ የተሠራ አምባር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከስትሮክ በኋላ ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ጡንቻዎች አብረው ሊኮማተሩ ስለሚችሉ፣ መሣሪያው «ልክፈት» የሚለውን ፈቃድ «ልጨብጥ» ብሎ ይተረጉመዋል። በእኔ አስተያየት ዳሳሾችን ከማብዛት በፊት የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ክንድ መርምሮ ምልክቱ ጠርቶ የሚሰማበትን ቦታ መለየት ይገባል። ማሰሪያውም ቢሆን ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ሕመምተኛዋ ባልተጎዳው እጃቸው ብቻ ሊያስሩት ካልቻሉ መሣሪያው ከመሳቢያ አይወጣም።