የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጆችና የአልጋ ጠብ

የንጉሥ ቈስጠንጢኖስና የእናቱ የቅድስት ዕሌኒ ስም በመስቀል በዓል ሲነሣ ያልሰማ ምእመን የለም። ዳሩ ግን ያ ንጉሥ ካረፈ በኋላ በቤቱ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ገና እርሱ በሕይወት ሳለ ነው። የበኵር ልጁ ክሪስጶስ በ324 ዓ.ም. (ይህም ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የሊቂንዮስን መርከቦች በባሕር ላይ ድል ያደረገ ጐበዝ ነበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአባቱ ትእዛዝ ተገደለ፤ የእንጀራ እናቱ ፋውስታም ብዙ ሳትቈይ ሞተች። ምክንያቱን ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው በፊናቸው ይናገራሉ፤ እርግጡ ግን ከንጉሡ ጋራ ተቀብሯል።

ቈስጠንጢኖስ በ337 ዓ.ም. በግንቦት ወር በኒቆምድያ አጠገብ ሲያርፍ ከፋውስታ የወለዳቸው ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ እነዚህም ዳግማዊ ቈስጠንጢኖስ፣ ቈስጠንጥዮስና ቈንስጣ ናቸው። ነገር ግን ለወንድሙ ልጆች ለዳልማጥዮስና ለአኒባልያኖስም ድርሻ ሰጥቶ ነበረ። አልጋ እንደ እርሻ መሬት በገመድ ተለክቶ አይካፈሉትምና፣ በዚያው ዓመት ወታደሮች ተነሥተው የሟቹን ንጉሥ ወንድሞችና የወንድሞቹን ልጆች ፈጁ። ቈስጠንጥዮስ አዘዘ ወይስ ዝም ብሎ ተመለከተ የሚለው ነገር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከሞት ከተረፉት አንዱ ጋሎስ ታሞ ስለ ነበረ፣ ወንድሙ ዑልያኖስም ገና ስድስት ዓመት ያህል ሕፃን ስለ ነበረ ተተዉ ይባላል። ይልቁንም የሚያስደንቀው ቈስጠንጥዮስ ያገባት ሴት ከተገደሉት የአንዱ ልጅ፣ የጋሎስም እኅት መሆንዋ ነው።

ሦስቱ ወንድማማች ግዛቱን ተካፈሉ፤ ሰላም ግን አልሆነም። በ340 ታላቁ በታናሹ በቈንስጣ ላይ ዘምቶ በአኲሌያ አጠገብ ወደቀ። በ350 ቈንስጣንም ማግነንጥዮስ የሚባል የጦር አለቃ ከዳውና ተገደለ። ቈስጠንጥዮስ ብቻውን ቀረ።

ብቻውን መሆኑም ፍርሃት ጨመረበት። ጋሎስን ቄሳር አድርጎ ሾመው፤ በ354 አስገደለው። ከአርዮሳውያን ወገን ሆኖም አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደ። ወደ አክሱም ገዢዎች ወደ ኢዛናና ወደ ሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ ማለት አባ ሰላማ፣ ወደ እስክንድርያ መጥቶ በቀጰዶቅያዊው ጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ (ይህ ጊዮርጊስ ሰማዕቱ አይደለም)። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በመጽሐፉ ገልብጦ ስላቈየው ዛሬም ይነበባል። በወንድሞች ደም መካከል ያደገው ጥርጣሬ እንዲህ ባሕር ተሻግሮ እስከ አክሱም ደረሰ።

በ360 በፓሪስ የነበሩት ወታደሮች ዑልያኖስን አነገሡት። በቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ከፈረሱ በታች ተወግቶ የሚታየው ዑልያኖስ ይህ ነው። ለአቴና ሰዎች በጻፈው ደብዳቤ የአባቱን ደም በቈስጠንጥዮስ ላይ አደረገ። ሁለቱ ሳይዋጉ ቈስጠንጥዮስ በ361 በኪልቅያ ታሞ ሞተ፤ ዑልያኖስም ሬሳውን በቍስጥንጥንያ በሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን በክብር አስቀበረው። እርሱም በ363 በፋርስ ጦርነት ሲሞት ወራሽ አልተወም። ቈስጠንጥዮስ ሦስት ሚስቶች አግብቶ ሲመኘው የኖረው ልጅ የተወለደው አባትየው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሴት ነበረች፤ ቈስጠንጥያ ተባለች።