«ሂዩማን» የሚለው ጽሑፍ፣ የዘር ምሕንድስናና ክሎኒንግ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የእድራችን ዳኛ ስለ ዘር ምሕንድስናና ስለ ክሎኒንግ ጥቂት እንድናገር ሲፈቅዱልኝ «ይኼ ሰውዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሐኪም ሆነ?» ያላችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ዕድሜዬንም የጨረስኩት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ ነው። የምነግራችሁ የሚያውቁትን ጠይቄ፣ አንብቤም የገባኝን ያህል ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አምና ከመካከላችን አንዲት እናት ቀብረናል። ስማቸውን አልጠራም፤ ቤተሰባቸው እንድናገር ፈቅደውልኛል። እኚህ እናት እንደ እኔ ስኳር ነበረባቸው፤ እንደ እኔም በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጉ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤት ተማሪ የመድኃኒቱን ካርቶን አንሥቶ አነበበና «እማማ፣ ሂዩማን ይላል እኮ፤ ሂዩማን ማለት ሰው ማለት ነው» አላቸው። ልጁ በእንግሊዝኛው አልተሳሳተም። ከዚያ ወሬው በየቡናው ዞረ። አንዱ ከሬሳ የሚቀዳ ነው አለ፤ ሌላው በክሎኒንግ የተፈለፈለ ነው፣ እንደ ቃሊቲ ላም አለ። እሳቸውም «የሰው ገላ በገላዬ አላስገባም» ብለው መርፌውን ተዉት። የሞቱት በዚሁ ብቻ ነው ብዬ አልፈርድም፤ ሌላም ሕመም ነበረባቸው። ነገር ግን ያን ቀን ቡናው ላይ እኔም ነበርኩ። የምመልሰው አጥቼ ዝም አልኩ። ለካ እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው ስወጋው የኖርኩት። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳወጣና ሳወርድ የሰነበትኩት ይኼንኑ ነበር።

እንግዲህ ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱ ውስጥ እንደ መዝገብ ቤት ያለ ቦታ አለ። እዚያ የተቀመጡት ማኅደሮች ክሮሞሶም ይባላሉ፤ ሰው 46፣ ላም ደግሞ 60 አላት። በየማኅደሩ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ደብዳቤ ዘረ መል ወይም ጂን ነው፤ አንዱ «ዓይኑ እንዲህ ይሁን» ይላል፣ አንዱ «ይህን ቅመም ሥራ» ይላል። የሚገርመው ይህ ሁሉ ጽሑፍ የተጻፈው በአራት ፊደላት ብቻ ነው፤ የእኛም፣ የላሟም፣ የድንቹም፣ የእርሾውም ፊደል ያው አንድ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ላሟ ልምጣ። ጫንጮ በወተት የምትተዳደር አገር ናት፤ ሰላሌ ከላይ፣ ሱሉልታ ከታች፣ ወተቱ በጎጃም መንገድ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። በደርግ ዘመን መጨረሻ ግድም የፊንላንድ መንግሥት በሰላሌ የረዳው የወተት ልማት ፕሮጀክት እንደነበረ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። አዳቃዩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አድርጎ የሚያመጣው ሌላ ነገር አይደለም፤ የኮርማ ዘር ነው። ጥጃዋ 30 ማኅደር ከእናቷ፣ 30 ማኅደር ከኮርማው ትወስዳለች፤ ኮርማው በአካል ቢመጣም ያው ነው። የአገራችን ላም ከፍሪዥያን ስትዳቀል ግማሽ በግማሽ ክልስ ትወለዳለች፤ ክልሷ እንደገና ከፍሪዥያን ስትዳቀል የፈረንጁ ደም 75 በመቶ ይደርሳል። ደሙ ከፍ ባለ ቁጥር ወተቱም፣ መኖውም፣ የሕክምናውም ወጪ አብሮ ከፍ እንደሚል ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እንግዲህ ይህ ማዳቀል ነው፤ ክሎኒንግም አይደለም፣ የዘር ምሕንድስናም አይደለም። የቃሊቲን ላም ያለ ስሟ አንጥራት።

ክሎኒንግ ማለት መዳቀል ሳይኖር ከአንዱ ብቻ ልክ እሱን የመሰለ ማውጣት ነው። በእኛ ቢሮ ቋንቋ በካርቦን መገልበጥ ነው። አዲስ ነገር ይመስለናል እንጂ ድንች የተከለ ሁሉ ሲሠራው ኖሯል። ከሆለታ ምርምር ማዕከል የወጡት ጃለኔ፣ ጉደኔ፣ በለጠ የሚባሉት ድንቾች እያንዳንዱ ዓይነት ከአንድ ተክል የተገለበጠ ነው፤ የአንዱ ማሳ ጉደኔ ከሌላው ማሳ ጉደኔ በዘር አይለይም። እንሰትም ከእናቱ ሥር ሲፈላ እንዲሁ ነው። ከአንድ ዕንቁላል ተከፍለው የሚወለዱ ተመሳሳይ መንታዎችንም እግዜር ራሱ የገለበጣቸው በሏቸው። የካርቦን ግልባጭ ግን አንድ ክፉ ነገር አለው፤ ዋናው ላይ ስሕተት ካለ በሁሉም ላይ አለ። አየርላንድ የሚባለው አገር ድሀው አንድ ዓይነት ድንች ብቻ ተክሎ ይበላ ነበርና፣ ከ1838 ዓ.ም. ጀምሮ በሽታ ገብቶ ያን ድንች አጠፋው፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ።

በእንስሳ ላይ ሲሆን ግን ሥራው አስቸጋሪ ነው። በስኮትላንድ አገር ዶሊ የተባለችው በግ ሰኔ 1988 ዓ.ም. ተወለደች። ከአንዲት የስድስት ዓመት በግ ጡት ሕዋስ ወሰዱ፤ ከሌላ በግ ዕንቁላል ወስደው የዕንቁላሉን መዝገብ ቤት ባዶ አደረጉና የጡቱን ሕዋስ ማኅደር በዚያ አስገቡ፤ ሦስተኛ በግ አርግዛ ወለደቻት። እንዲህ አድርገው ካዘጋጁት 277 ዕንቁላል በሕይወት የተወለደችው ዶሊ ብቻ ናት። ስድስት ዓመት ተኩል ኖራ፣ የሳንባ በሽታ ስለያዛት በ1995 ዓ.ም. በመድኃኒት እንድትሞት ተደረገ። «ሰውስ?» ትሉኝ ይሆናል። እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ተወለደ ተብሎ የተረጋገጠ ሰው የለም። ቢኖርም እንደ መንታ ወንድም ሌላ ሰው ነው የሚሆነው፤ የሞተውን አያስነሣም።

አሁን ወደ መርፌያችን። የዘር ምሕንድስና ማዳቀልም መገልበጥም አይደለም። ከአንዱ ፍጡር ማኅደር የአንዲት ደብዳቤ ቅጂ ወስዶ በሌላው ፍጡር ማኅደር ውስጥ ማስገባት ነው። (በእኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያደረገ ከደመወዙ ይቆረጥበት ነበር።) የሚቻለውም ቅድም እንዳልኩት ፊደሉ አንድ ስለሆነ ነው፤ የሰውን ደብዳቤ ባክቴሪያም ሊያነበው ይችላል።

ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያስተካክል፣ በቆሽታችን የሚሠራ ነገር ነው። ቆሽት ማምረቱን ሲያቆም ሰው ይሞታል፤ ድሮ በዚህ የተያዘ ልጅ ብዙ አይቆይም ነበር። በጥር 1914 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ ከተማ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመርፌ ተሰጠውና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በኢንሱሊን ተረፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን መድኃኒቱ ከምን ይወጣ ነበር መሰላችሁ? ከታረደ ከብትና ከአሳማ ቆሽት! እንግዲህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚያሳስበው የድሮው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ካርቶን አላነበበም።

በ1970 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ሳይንቲስቶች የሰውን የኢንሱሊን ደብዳቤ ባክቴሪያ ውስጥ አስገቡ። ልብ በሉ፤ ደብዳቤውን እንኳ ከሰው ገላ አልቀደዱትም። ፊደሉ እንዴት እንደሚደረደር ስለታወቀ በላቦራቶሪ ከኬሚካል ጻፉት፤ እኛ በታይፕራይተር እንደምንጽፈው። ባክቴሪያው ደብዳቤውን እያነበበ ኢንሱሊን ይሠራ ጀመር፤ በ1975 ዓ.ም. ለሕሙማን እንዲሰጥ ተፈቀደ። ዛሬ በባክቴሪያም፣ በዳቦ እርሾም ይሠራል። ባክቴሪያው ወይም እርሾው በትልቅ ጋን ተራብቶ ኢንሱሊኑ ተጣርቶ ይወጣል። ታዲያ ለምን «ሂዩማን» ተባለ? አሠራሩ ልክ የሰው ቆሽት እንደሚሠራው ስለሆነ ነው፤ ከአሳማው እንዲለይ። ከማንም ሬሳ አልተቀዳም፣ ማንም ሰው አልተጎዳበትም። ለእኚያ እናት ያን ቀን ልነግራቸው ይገባኝ የነበረው ይኼን ያህል ነበር፤ አንድ ስኒ ቡና አያስጨርስም።

በእህልና በተክል ላይ ያለው ክርክር ሌላ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ከረጢት አልከትም። በአገራችን የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ወጣ፤ ከዚያ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ላላ ተደረገ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ትልን የሚገድል የባክቴሪያ ዘረ መል የገባበት ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር የገበሬው ዘር በኩባንያ እጅ እንዳይገባ፣ ያልተመረመረም እንዳይገባ በዓለም ሸንጎ ሳይቀር ሲሟገቱ ኖረው በ2015 ዓ.ም. አረፉ። ጥጡን የደገፉት ደግሞ ትሉ አሸነፈን፣ የጨርቅ ፋብሪካውም ጥጥ አጣ ይላሉ። እኔ በዚህ ላይ ልቤ ሁለት ነው። ዘር በየዓመቱ መግዛት ለድሀ ገበሬ ምን እንደሆነ አያለሁ። ግን በዘር ላይ ያለኝ ጥርጣሬ ከመርፌዬ አያስተጓጉለኝም።

አንድ ነገር ላክል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገር ግን በረዶ ከነካው ይበላሻልና ማቀዝቀዣው በረዶ በሚሠራበት በኩል አታስጠጉት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጊዜ መስኮት ሥር የምታኖሩም ተጠንቀቁ። ልተወው ያለ ሰው ከመተዉ በፊት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ፤ ከፈለገም እኔን ይጥራኝና አብረን እንሄዳለን።

ጠርሙሱን ከነካርቶኑ ይዤ መጥቻለሁ። ከጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ።