ፎጣን የሚያለሰልሰው ማለቅለቅ ነው
(ለቀበሌ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ፎጣ ነው። «ፎጣ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ እንጠያየቅ። ሲገዛ ለስላሳ የነበረው ፎጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ለምን ቁርበት ይሆናል? ውሃውን ከመጠጣት ይልቅ ገላችን ላይ ወዲያና ወዲህ የሚገፋው ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን «አረጀ» እንላለን። ወይም «ሳሙና አንሶት ነው» ብለን ሳሙና እንጨምራለን። ነገሩ ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ብዙ ጊዜ ፎጣው የሚደርቀው ሳሙና በውስጡ ስለሚቀር ነው።

ፎጣን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ፊቱ በሙሉ እንደ ቀለበት በታጠፉ ትንንሽ ክሮች የተሞላ ነው። ውሃ የሚይዙት እነዚህ ቀለበቶች ናቸው። በመካከላቸው ክፍት ቦታ ሲኖር ፎጣው ይለሰልሳል፤ ውሃም ይጠጣል። ሳሙና ገብቶ ሲደርቅባቸው ግን ክር ከክር ይጣበቃል። ለስላሳነቱም በዚያው ይጠፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃው ነው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚባሉ ማዕድናትን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ውሃ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ሳሙናም ቶሎ አረፋ አይሰጥም። እነዚህ ማዕድናት ከሳሙና ጋር ሲገናኙ ነጭ ዝቃጭ ይሆናሉ። ዝቃጩም በፎጣው ክር ላይ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ምክንያት አደራረቁ ነው። በ2012 ዓ.ም. በጃፓን አገር የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጥጥ ፎጣ ለምን እንደሚደርቅ መርምረው ነበር። ፎጣው ደረቀ ሲባልም በክሩ ላይ ለዓይን የማይታይ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ይህም ውሃ እንደ ሙጫ ሆኖ ክርን ከክር ያያይዛል ብለዋል። ስለዚህ ሳይነቃነቅ የደረቀ ፎጣ ይከረክራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሳሙናውን በልክ እናድርግ። ማር ሲበዛ ይመራል ይባል የለም? ሳሙናም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛ፣ ማለቅለቁን እናሻሽል። «ውሃ ከየት መጥቶ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ያንን በጀርባዋ ተሸክማ የምትመጣው ብዙውን ጊዜ እናት ወይም ሴት ልጅ ናት። እኔም ውሃ ጨምሩ አልልም፤ ያላችሁን ውሃ ከፋፍሉት ነው የምለው። አብረን እናስላው።

አንድ ትልቅ ፎጣ ከተጨመቀ በኋላ 1 ሊትር የሳሙና ውሃ ይዞ ይቀራል እንበል። ለማለቅለቂያ ያለን ውሃ 10 ሊትር ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብናፈስበት 1 እና 10 ተደምሮ 11 ይሆናል። ጨምቀን ስናወጣው ከሳሙናው ከ11 እጅ 1 እጅ በፎጣው ውስጥ ይቀራል። ያንኑ 10 ሊትር በ5 በ5 ሊትር ከፍለን ሁለት ጊዜ ብናለቀልቀውስ? በመጀመሪያው ከ6 እጅ 1 እጅ ይቀራል። በሁለተኛው ደግሞ ከዚያው ከቀረው ላይ ከ6 እጅ 1 እጅ ብቻ ይቀራል። 6 ጊዜ 6 ስንት ነው? 36። ስለዚህ የቀረው ሳሙና ከ36 እጅ 1 እጅ ነው። ውሃው ያው 10 ሊትር ነው፤ የቀረው ሳሙና ግን ከሲሶ በታች ወረደ። በየመካከሉ ፎጣውን አጥብቆ መጭመቅ ነው ትልቁ ቁም ነገር። የመጨረሻው ውሃ ብዙም ሳሙና የለበትምና ለሚቀጥለው ልብስ መዘፍዘፊያ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ውሃችሁ ሳሙና የሚያስቸግር ከሆነ በክረምት የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ። የዝናብ ውሃ እነዚያ ማዕድናት የሉበትም ማለት ይቻላል። አለዚያም ሳሙናው ከወጣ በኋላ በ5 ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ አቼቶ ጨምራችሁ ፎጣውን ጥቂት ደቂቃ ንከሩት። ሳሙናው ሳይወጣ ከሆነ ግን ወደ ቅባትነት ይለወጥባችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አራተኛ፣ ከማስጣታችሁ በፊት ፎጣውን ደጋግማችሁ አራግፉት። ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ስጡት። ሲደርቅም ሳትዘገዩ አውርዱና በእጃችሁ አሸት አሸት አድርጉት፤ የተያያዘው ክር ይላቀቃል። ሱቅ የሚሸጠው የልብስ ማለስለሻ እጅን ደስ ያሰኛል እንጂ ክሩን ስለሚቀባው ፎጣው ውሃ የመጠጣት ኃይሉ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ለምቾት ብቻ ነው ወይ? አይደለም። በአንድ ቤት ውስጥ ሌሎቹ ፎጣዎች ሲከረክሩ ሁሉም እጁን የሚሰድደው ወደ አንዷ ለስላሳ ፎጣ ነው። አባትም፣ ልጅም፣ እንግዳም ፊቱን በእሷ ያብሳል። ዓይን የሚያሳውረው ትራኮማ ደግሞ በእጅ፣ በዝንብና በጋራ ፎጣ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። በብዙ የአገራችን ገጠሮችም ይገኛል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ልጅ ፎጣ ለብቻው ይሁን። ልጁ የራሱን ትቶ የእህቱን እንዳይወስድ ደግሞ የሁሉም ፎጣ ለስላሳ ይሁን።

በሚቀጥለው የልብስ ማጠቢያ ቀን ከአንድ ፎጣ ጀምሩ። ሳሙናውን ቀንሱ፤ ውሃውን ለሁለት ክፈሉ። ልዩነቱን እጃችሁ ይነግራችኋል።